ሙቀቱን የበላው ሲኒ

ባለፈው ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር መጣች። እኔ ትንሽ የኤስፕሬሶ ማሽን ከገዛሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አረፍ ሳትል «ቁጭ በይ፣ ቡና ላጠጣሽ» አልኳት። ካፌ ውስጥ እንደምናየው ያለ ወፍራም ነጭ ሲኒ አወጣሁ። ቡናው ቀጭን ክር ሆኖ ወረደ። ላዩ ላይ ወርቃማ አረፋ ያዘ። ኮራ ብዬ አቀረብኩላት።

እናቴ ሲኒውን አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ። «ምነው ልጄ፣ ቡናው አለቀብህ እንዴ?»

ፉት አለችና ሁለተኛውን ፍርድ ሰጠች። «ደግሞ ቀዝቅዟል።»

ለጥቂት ቀናት በማሽኑ አመካኘሁ። ቡናውን ጠረጠርኩት፤ አፈጫጨቴንም ጠረጠርኩት። ጥፋተኛው ግን ሲኒው ነበር። ሁለቱም የእናቴ ፍርዶች ስለ እሱ ናቸው፦ አንዱ ስለ መጠኑ፣ ሌላው ስለ ሙቀቱ። ለቤታችሁ የኤስፕሬሶ ወይም የካፑቺኖ ሲኒ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከአበባውና ከወርቅ ቅቡ በፊት እነዚህን ሁለቱን ተመልከቱ።

ከሙቀቱ ልጀምር፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ሰው ሁሉ «ወፍራም ሲኒ ሙቀት ይይዛል» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት። ወፍራም ሲኒ ሙቀት የሚይዘው መጀመሪያ ራሱ ከሞቀ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነስ? የሚይዘውን ሙቀት ከየት ያመጣዋል? ከቡናችሁ ነዋ!

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ሙቀት፣ አራት ግራም ገደማ ፖርሴሊን (ሲኒው የተሠራበትን ነጭ ቁስ) በአንድ ዲግሪ ያሞቃል። ስለዚህ 120 ግራም የሚመዝን ሲኒ በሙቀት ሂሳብ እንደ 30 ግራም ውሃ ነው የሚቆጠረው። አንድ ነጠላ ኤስፕሬሶም 30 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ በ80 ዲግሪ የወረደ ቡና በ22 ዲግሪ ከተቀመጠ ሲኒ ጋር ተገናኘ እንበል። እኩል ለእኩል ናቸውና መሀል ላይ ይታረቃሉ። መሀሉ 51 ዲግሪ ነው። እርግጥ የሲኒው እጀታና ጠርዝ ወዲያው አይሞቁም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ፉት ከዚህ ትንሽ ትሞቃለች። ነገር ግን ስኳር ጨምራችሁ እስክታማስሉ ድረስ ቡናው ለብ ብሏል።

አሁን ያንኑ ሲኒ አስቀድማችሁ እስከ 50 ዲግሪ አሙቁት። እርቁ 65 ዲግሪ ላይ ይሆናል። የጣሊያን ብሔራዊ የኤስፕሬሶ ተቋም ያወጣው ልክ፣ ቡናው ሲኒ ውስጥ ገብቶ 67 ዲግሪ እንዲሆን ነው፤ 3 ዲግሪ ከፍም ዝቅም ቢል ይፈቀዳል። ማሽን ሳትቀይሩ፣ ቡናም ሳትቀይሩ ልኩ ዘንድ ልትደርሱ ምንም አልቀራችሁም ማለት ነው።

ካፌ ስትገቡ ማሽኑን ቀና ብላችሁ እዩት። ሲኒዎቹ አናቱ ላይ ተደርድረዋል። ቦታ ጠቦ አይደለም። ከሥር ያለው ቦይለር (የውሃ ማፍያው) ቀኑን ሙሉ ስለሚግል ሲኒዎቹም አብረውት ይሞቃሉ። ወፍራሙ ሲኒ የተሠራው ለዚያ ኑሮ ነው። በዚያ ላይ በቀን ስንት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሌላው ጋር ይጋጫል፤ ውፍረቱ ከመሰበርም ያድነዋል። እኛ ግን ያንኑ ሲኒ ገዝተን ቁም ሳጥን ውስጥ እንከተዋለን። የታኅሣሥና የጥርን ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር ሞቃት ናት ይባላል እንጂ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር ያለ ጋቢ አይወጣም። ሲኒውም በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ትንንሾቹ የቤት ማሽኖችም አናታቸው ላይ ሲኒ መደርደሪያ አላቸው። ብዙም አትመኑት። የእኔው ግማሽ ሰዓት በርቶ እንኳ ሲኒውን ለብ ከማድረግ አያልፍም። ቡና የምትፈልጉት ደግሞ አሁን ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አይደለም።

መድኃኒቱ የፈላ ውሃ ነው። ሲኒውን ሙሉት፣ ቡናውን እስክትፈጩ ተዉት፣ ድፉት፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሲኒ ማሞቂያ ግን ይተርፋል። ባዶ ሲኒ ማይክሮዌቭ ውስጥ መክተት ብዙ አይረዳም፤ ማይክሮዌቭ በደንብ የሚያሞቀው ውሃ ያለበትን ነገር ነው። ውሃ ጨምራችሁበት ከሆነ ይሁን። ወርቅ ወይም ብር የተቀባ ጠርዝ ካለው ግን ጭራሽ አታስገቡት፤ ብልጭታ ይፈጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። እናቴ በጀበና ስታፈላ ሲኒ አሙቃ አታውቅም። ቡናዋ ግን ምላስ ይልጣል። እንዴት?

ያው ሂሳብ ይመልሰዋል። የእኛ የቡና ሲኒ ቀጭን ነው። ቤቴ ያለው 60 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ እንደ 15 ግራም ውሃ ነው። የሚቀዳበት ቡና ደግሞ 70 ግራም ገደማ፣ እስከ አፉ ጢም ብሎ። ጀበናው ከፍም ላይ የተነሣ ስለሆነ ቡናው 85 ዲግሪ ነው እንበል። 70 ለ15 ሲታረቁ ሲኒው አቅም የለውም፤ ቡናው 74 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይረጋል። ቀጭን ሲኒ፣ ብዙ ቡና። የኤስፕሬሶው ዓለም ተቃራኒው ነው፦ ወፍራም ሲኒ፣ ትንሽ ቡና። ሁለቱም በየራሳቸው ቤት ልክ ናቸው። ችግር የሚመጣው ስናደባልቃቸው ነው። እኔ ያደረግሁትም ያንን ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከብዙ ሰው ምክር ይለያል። ሲኒ በየጠዋቱ በሙቅ ውሃ የማሞቅ ትዕግሥት ካላችሁ ወፍራሙን ግዙ፤ አንዴ ከሞቀ ቡናውን ቀስ ብላችሁ እንድትጠጡ ያደርጋችኋል። ትዕግሥቱ ከሌላችሁ ግን ወፍራም የካፌ ሲኒ ለቤት ኪሳራ ነው። ቀጭንና ቀላል ፈልጉ። ራሳችሁን ታውቃላችሁ መቼም። ጠዋት ለሥራ ስትጣደፉ ሲኒ ታሞቃላችሁ? እኔ አላሞቅም።

ወደ መጀመሪያው ፍርድ ልመለስ፤ «ቡናው አለቀብህ እንዴ?» ወዳለችው።

በእኛ አገር ሲኒ ሞልቶ ነው የሚቀዳው። ጎደሎ ሲኒ ስስት ነው፤ እንግዳ ያስቀይማል። ኤስፕሬሶ ግን 25 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በ7 ግራም ቡና፣ በ25 ሰከንድ ገደማ የሚወርድ። ድርቡ 60 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። የጣሊያኑ ተቋም ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲኒ ይበቃል ይላል። እኔ ለእናቴ ያወጣሁት 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነበር። ሰላሳ ሚሊ ሊትር እዚያ ውስጥ ሲገባ አተላ ነው የሚመስለው። ባትስቅብኝ ይገርመኝ ነበር።

ለነጠላ ኤስፕሬሶ 60፣ ለድርብ 80 ወይም 90 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲኒ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ የሻይ ሲኒ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን «የኤስፕሬሶ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የኤስፕሬሶ አይደለም። ዓይን ደግሞ መጠን ላይ ይሸወዳል። ወፍራም ሲኒ ከውጭ ትልቅ መስሎ ከውስጥ ትንሽ ነው፤ አፉ የሰፋው ደግሞ አጭር ሆኖ ብዙ ይይዛል። ስለዚህ ለኩት። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ። የታሸገ ውሃ ያዙ። በስሪንጅ እየቆጠራችሁ እስከ አፉ ሙሉት። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለም ጡጦው ላይ የሚሊ ሊትር ምልክት አለ። ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው የበለጠ ይቀለዋል፤ አንድ ግራም ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። እኔ አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ በስሪንጅ ስለካ ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ልትወጋው ነው?» ብሎኛል። ይሳቅ። ስድስት የማይሆን ሲኒ ተሸክሞ ከመግባት ይሻላል።

ካፑቺኖ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልቅ በመግዛት ነው። በጣሊያኑ ልክ ካፑቺኖ ማለት 25 ሚሊ ሊትር ኤስፕሬሶና 100 ሚሊ ሊትር ወተት ነው። ወተቱ በእንፋሎት ሲመታ አየር ይገባበትና ያብጣል፤ 125 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ኩባያው 150 ወይም 160 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነው የሚባለው። እስከ 180 ቢደርስም አያስከፋም። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ማግ ውስጥ አንድ ነጠላ ኤስፕሬሶ ጨምሮ በወተት መሙላት ካፑቺኖ አያደርገውም። ቡና የሸተተው ወተት ነው። ስሙ ራሱ የመጣው ከጣሊያን ካፑቺን መነኮሳት ቡናማ ልብስ ነው፤ ቀለሙ እንደዚያ ካልሆነ ወተቱ በዝቷል። ስሙን የጣና ገዳማት መነኮሳት ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ መቼም ቢጫ ማድረግ ሊኖርብን ነበር።

ለካፑቺኖ ሙቀቱ ከኤስፕሬሶም በላይ ያሳስባል። ወተት ከ65 ዲግሪ በላይ ከጋለ ጣፋጭነቱ ይጠፋል፤ የተቀቀለ ወተት ሽታ ያመጣል። ስለዚህ ኩባያው ስለሚያቀዘቅዘው ወተቱን አብዝቼ ላግለው ማለት አያዋጣም። 240 ግራም የሚመዝን ቀዝቃዛ ኩባያ 60 ዲግሪ የሆነውን ካፑቺኖ ወደ 48 ያወርደዋል። ኩባያው 50 ዲግሪ ከሆነ ግን 57 ላይ ይቆያል። በአርባ ስምንትና በሃምሳ ሰባት መካከል ያለው ልዩነት ደስ ብሎ በመጠጣትና ግማሹን ትቶ በመነሣት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ቅርጹ ላይ ብዙ አልቆይም። የኤስፕሬሶ ሲኒ ውስጡ እንደ እንቁላል ታች ክብ ቢሆን ይመረጣል። ቡናው እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ጠፍጣፋ ወለል ላይ እየመታ አይረጭም። አፉ ጠበብ ያለ እንደሆነ አረፋው ወፈር ብሎ ይቆያል፤ ከሰፋ ይሳሳና ቶሎ ይበተናል። ካፑቺኖ ተቃራኒውን ይፈልጋል። አፉ ሰፋ ያለ ኩባያ ወተቱን ስትቀዱ ቅጠልም ልብም ለመሣል ቦታ ይሰጣል። ለመሣል የማትሞክሩ ከሆነም አረፋው በእያንዳንዱ ፉት ከቡናው ጋር አብሮ ይመጣል።

እጀታውን ግን ሳትይዙ አትግዙ። ኧረ በጭራሽ! አንዳንዱ ሲኒ እጀታው ጣት አያስገባም። ሁለት ጣት ቆንጥጦ የሚያነሣ ሰው አለ፤ ጣቱን አስገብቶ የሚይዝም አለ። እኔ ጣቴ ወፍራም ነው። ካስገባሁት ጣቴ የጋለውን የሲኒ ገላ ይነካል። ሱቅ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ አንሡት፤ ባዶ ሲኒ ሁሉም ይመቻል።

የውስጡ ቀለም ነጭ ይሁን። አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፦ አረፋውን ታያላችሁ። አረፋው ቀይ ቡናማ ነው ወይስ ገርጥቷል? ቡናው አርሯል ወይስ ቀጥኗል? ነጭ ላይ ሁሉም ይነበባል። ሁለተኛው ይገርማል። በፈረንጆቹ 2014 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ሰዎችን ወተት ያለበት ቡና በነጭ፣ በሰማያዊና በብርጭቆ ኩባያ አጠጥቶ ጠየቃቸው። በነጩ የጠጡት ቡናው በብርጭቆው ከጠጡት ይልቅ ጠንከር ያለ ሆኖ ነው የተሰማቸው። ቡናው ያው ነው። ምላስ ብቻውን አይቀምስም መሰለኝ።

ብርጭቆ ካነሣን ማኪያቶን ዝም ብዬ አላልፍም። የእኛ አገር ማኪያቶ በትንሽ ብርጭቆ ነው የሚመጣው፤ ጥቁሩና ነጩ ተለያይቶ እንዲታይ። «ጠቆር ያለ» ብለን ስናዝ ባሬስታው መጥቆሩን የሚያየው በብርጭቆው ነው። ለዚያ ነገር ሲኒ አትግዙ፤ ብርጭቆው ልክ ነው። ባለ ሁለት ግድግዳ የሚባለው ብርጭቆም አለ። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አየር ስላለ ሙቀት ቶሎ አያስወጣም፤ እጅም አያቃጥልም። ውስጠኛው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ከቡናው የሚበላው ሙቀትም ትንሽ ነው። በሙቀት ረገድ ሁሉንም ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ግን ይሰበራል። ሁለት ነበሩኝ፤ አሁን የለኝም።

እሺ፣ የእኛው ሲኒስ? ያ እጀታ የሌለው፣ ረከቦት ላይ የሚደረደረው? ለኤስፕሬሶ ይሆናል?

ይሆናል፤ እንዲያውም በደንብ። ቀጭን ነው፤ ሙቀት አይበላም። መጠኑ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ለድርብ ኤስፕሬሶ ልክ ነው። እጅ ያቃጥላል እንዳትሉ፤ ድርቡ ቡና እስከ አፉ ስለማይደርስ ጠርዙን ይዛችሁ ታነሡታላችሁ። ጉድለቱ አረፋው ነው፤ አፉ ሰፋ ስለሚል አረፋው ቶሎ ይሳሳል። ለእኔ ያ ብዙም አይቆጨኝም።

ደግሞ ታሪኩን አስቡት። «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «የቻይና» ማለት ነው። ቻይናዎች ፖርሴሊን ሲሠሩ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይተዋል። አውሮፓ ምስጢሩን አግኝታ ጀርመን አገር ማይሰን ላይ ፋብሪካ የከፈተችው በፈረንጆቹ 1710 ነው። የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ ሲኒዎችም እንደ ቻይናዎቹ እጀታ አልነበራቸውም። እጀታው እየተለመደ የመጣው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ እዚህ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ባሠሩበት። እጀታ የሌለው ሲኒ የጎደለው ሲኒ አይደለም። የቀደመው ነው።

ወደ ገበያው እንሂድ። ባሕር ዳር ውስጥ ዕቃ ቤቶቹም፣ የቅዳሜ ገበያ መደቦቹም በቻይና ሥሪት የተሞሉ ናቸው። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ከዚያው ውስጥ ጥሩ ፖርሴሊን አለ፣ እርባና ቢስም አለ። የምለይበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ። ሲኒው የሚቆምበት ቀለበት ላይ ግሌዝ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ቅብ የለም፤ እዚያ ላይ ገላው ራቁቱን ነው። ነጭና ድፍን ከሆነ ፖርሴሊን ነው። ቀላ ወይም ቢጫ ካለ፣ ውሃ ጠብ ስታደርጉበትም ከጠጣው፣ ዝቅ ባለ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ነው። ፖርሴሊን 1,300 ዲግሪ አካባቢ ስለሚተኮስ ውሃ አያስገባም። ሸክላው ግን ቅቡ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ቡና እየጠጣ ይጠቁራል፤ ሽታም ይይዛል።

ቀጥሎ ወደ ፀሐይ አነሣዋለሁ። ቀጭን ፖርሴሊን ጣት ከኋላው ስታደርጉ ጥላው ይታያል። ወፍራሙ ላይ ይህ አይሠራም። ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀምጬ በጥፍሬ ቸብ አደርገዋለሁ። ደህናው እንደ ቃጭል ይጮኻል። ስንጥቅ ያለው ደንቆሮ ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ ዓይን ባያየውም ጆሮ ያገኘዋል። ስንጥቅ ያለበት ወፍራም ሲኒ ላይ የፈላ ውሃ ስታፈሱ ለሁለት ይከፈላል፤ ደርሶብኛል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። ውስጡ ድረስ ወይም ከንፈር የሚነካው ጠርዝ ድረስ ደማቅ ሥዕል ያለበት ሲኒ፣ በተለይ አሮጌ ከሆነ፣ አትጠጡበት። ከግሌዙ በላይ የሚቀባ ቀለም፣ በተለይ ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማው፣ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። ቡና አሲድ ነው፤ በጊዜ ብዛት ያሟሟዋል። በጣታችሁ ዳብሱት። ሥዕሉ ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ከላይ የተቀባ ነው። ከውጭ ብቻ ከሆነና ከንፈር ካልደረሰበት ችግር የለም። ውስጥ ከሆነ ግን ለጌጥ አስቀምጡት።

ጌጥ ካልን ወደ መሰብሰቡ ደረስን። ይህ ደግሞ ሱስ ነው፤ አስቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ።

ሲኒ የሚሰበስብ ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። በጣም ከሚታወቁት አንዱ ኢሊ የሚባለው የጣሊያኗ ትሪየስቴ ከተማ ቡና ድርጅት የሚያወጣው ነው። በፈረንጆቹ 1991 ማቴዮ ቱን የሚባል ንድፍ አውጪ ነጭ፣ እጀታው እንደ ቀለበት ክብ የሆነ ሲኒ ሠራላቸው። ከ1992 ጀምሮ ያንን ሲኒ ለሠዓሊዎች እየሰጡ ያስጌጡታል። ጄፍ ኩንስና ማሪና አብራሞቪችም ሠርተውበታል። እኔን የሚማርከኝ ሥዕሉ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ ይለዋወጣል፤ ቅርጹ ግን ያው ነው። ስለዚህ የዚህኛው ማስቀመጫ ሰሃን ለዚያኛውም ይሆናል። አንዱ ቢሰበር ሌላው ወላጅ አልባ አይሆንም።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። መጀመሪያ ላይ ያማረኝን ሁሉ አነሣ ነበር። መደርደሪያዬ ላይ ዐሥራ አንድ ሲኒና ስምንት ሰሃን ተጠራቀመ፤ ከስምንቱ የሚገጥመው አራቱ ብቻ። ሰሃን መሀሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ የሲኒው መቀመጫ እዚያ ውስጥ ገጥሞ መቆም አለበት። ከሰፋ ሲኒው ይንሸራተታል፤ ከጠበበ ይወዛወዛል። እንግዳ ፊት ስትሸከሙት ደግሞ ይቅጨለጨላል። አሁን አንድ ደንብ አለኝ፦ ያለ ሰሃኑ ሲኒ አልገዛም፤ ጥንድ ካልሆነም አልገዛም። አንድ ብቻውን ያለ ቆንጆ ሲኒ መጨረሻው የእርሳስ ማስቀመጫ ነው።

አሮጌ ሲኒ ስትገዙ ከሥሩ ያለውን ማኅተም አንብቡ፤ ግን እንደ ወንጌል አትቁጠሩት። የማይሰን የተጣመሩ ሰይፎች ምልክት ለምሳሌ ለረጅም ዘመን ሲኮረጅ ኖሯል። ጠርዙ የተሸረፈ አትግዙ፤ ከንፈር ይቆርጣል። በኮላ የተጠገነም ለመጠጥ አይሆንም፤ ሙቀት ኮላውን ያላላዋል።

ስንት ያስፈልጋል? ቤት ውስጥ ሲኒ በደርዘን መግዛት ልማዳችን ነው፤ እንግዳ አይጠፋምና። የካፑቺኖውን ግን በደርዘን አትግዙ። ጾመኛ ቤት ከሆነ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ። ዓመቱን ስትቆጥሩት ወተት ያለበት ኩባያ ግማሹን ጊዜ ቆልፎ ይቀመጣል። እኔ የኤስፕሬሶ ስድስት፣ የካፑቺኖ ሁለት አለኝ። ሁለቱም ጎን ለጎን ሲቀመጡ አልተጣሉም።

አጠባበቁ አጭር ነው። የቡና ጥቁረት ከያዘው ቤኪንግ ሶዳ በእርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ እሹት፤ ይለቃል። አመድ፣ አሸዋና የብረት መፈግፈጊያ ቅቡን ይጭሩታል። ከተጫረ በኋላ ደግሞ ጥቁረቱ በፊት ከሚይዘው በላይ ይይዛል። ስትደራርቡ በመካከላቸው ወረቀት ወይም ጨርቅ አድርጉ፤ የአንዱ መቀመጫ የሌላውን ወርቅ ይፍቃል። በበጋ አቧራው አይቻልም፤ በየቀኑ የማትጠጡበትን ገልብጣችሁ አስቀምጡት።

እናቴ ለጥምቀት ተመልሳ መጣች። በጀልባ ከዘጌ የመጣ ቡና ነበረኝ፤ አጠር አድርጌ ቆልቼዋለሁ። ወፍራሙን ነጭ ሲኒ አላወጣሁም። ረከቦቱ ላይ ካሉት ቀጫጭን ሲኒዎች አንዱን አነሣሁ፣ በፈላ ውሃ አሞቅሁት፣ ድርብ ኤስፕሬሶ አወረድኩበት። እስከ አፉ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ዝም ብላ ተቀበለችኝ። ፉት አለች። አሁንም ፉት አለች። ስለ መጠኑም ስለ ሙቀቱም ምንም አላለችም።

ጨርሳ ሲኒውን ዘረጋችልኝ።

«ቶናውስ?»

ማሽኑ ቶና አያውቅም። ተነሥቼ አዲስ ቡና ፈጨሁ።